ስርዝና ድልዝ

ለጨረታ ሰነድ ያስገባ ሰው ሁሉ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» የሚለውን ማሳሰቢያ ያውቀዋል። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ስርዝ በጽሑፉ ላይ መስመር ያልፍበታል፤ ከሥር ያለው ግን ይነበባል። ድልዝ በላዩ ሌላ ይጽፍበታል። በቢሮ ሁለቱም ክልክል ናቸው። የተከራያችሁትን ሰርቨር ስትለቁ ግን የሚያስፈልጋችሁ ድልዝ ነው።

ሰርቨር መከራየት ሩቅ ካለ ኮምፒውተር ላይ ድርሻ በወር ኪራይ መያዝ ነው። ስትለቁት ዲስኩ አይጣልም፤ ለሚቀጥለው ተከራይ ይተርፋል። አከራዩ ያጸዳው ይሆናል፤ የሌላ ሰው ስም አደራ ያለበት ሰው ግን በ«ይሆናል» አይተማመንም።

በጅማ ዙሪያ ይህ አደራ ከብዷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ እስከ ስድስተኛው የአስርዮሽ ቤት ድረስ ይጠይቃል። ስድስተኛው ቤት መሬት ላይ ሲወርድ የግማሽ ስንዝር ያህል ነው። ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። እንግዲህ በጎማ፣ በጌራ ወይም በሊሙ ኮሳ የአንድ ገበሬ ስም፣ ስልክና የጓሮ ቡናው ነጥብ አንድ መስመር ላይ ተጽፎ ሰርቨር ውስጥ ይገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ሲይዙት ብቻ አይደለም፤ ሲለቁትም ነው።

አጋሮ ውስጥ የአንድ ቡና አቅራቢን መዝገብ የምትይዝ ወጣት ሰርቨር ልትቀይር ስትል ጠርታኝ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ሰርዣለሁ፤ ኮንትራቱን ማቋረጥ ብቻ ነው የቀረኝ» አለችኝ።

«እስኪ ከማቋረጥሽ በፊት አንድ ነገር እንይ» አልኳትና ፋይሎቹን ሳይሆን ዲስኩን ራሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ «ግሬፕ» በተባለው መፈለጊያ አስፈተሽኳት፤ በ09 የሚጀምር ቁጥር ፈልግ ብለን። ስልኮቹ መውረድ ጀመሩ። ከጎናቸው ስም፣ ከስሙ ጎን የማሳው ነጥብ። ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

ያልጠፋው ለምን ነው? ሊነክስ ላይ «አርኤም» ስትሉ የሚሰረዘው በማውጫው ላይ ያለው የፋይሉ ስም ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ የዶሴው ቁጥር ከመዝገቡ ተሰርዞ ዶሴው መደርደሪያው ላይ እንደሚቀር ማለት ነው። መደርደሪያው «ባዶ ነው» ስለተባለ አንድ ቀን ሌላ ዶሴ ይቀመጥበታል፤ እስከዚያ ድረስ ግን የደረሰ ሁሉ ያነበዋል። ስልካችን ላይም «ሰርዝ» የሚለውን ስንነካ ጠፋ ብለን እናምናለን። ቃሉ ራሱ ግን አልዋሸንም፤ ሰርዝ አለ እንጂ አጥፋ አላለም።

ለመደለዝ «ሽሬድ» የተባለ ትእዛዝ አለ፤ ሌላ ካላዘዛችሁት በቀር ሦስት ጊዜ ይደልዛል። 35 ጊዜ ካልሆነ የሚሉ አሉ። ቁጥሩ የመጣው ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ካቀረበው ጥናት ነው፤ ለዚያ ዘመን ልዩ ልዩ ዲስኮች በአንድነት የተዘረዘረ እንጂ አንድ ዲስክ 35 ጊዜ ይደለዝ ማለት አልነበረም። ለሚሽከረከር ዲስክ አንድ ሙሉ ዙር ይበቃል። ሰርቨሩ ራሱ የቆመበትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ መደለዝ ስለማይችል በአከራዩ የማዳኛ ሲስተም አስነሱት። መብራት ሄዶ ግንኙነት ቢቋረጥ ትእዛዙ እንዳይቆም «ስክሪን» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ አስጀምሩት።

ድልዝ የማይደርስበት ቦታም አለ። የማይሽከረከረው ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ አዲሱን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በሌላ ሕዋስ ላይ ያሳርፈዋል፤ አሮጌው ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በቨርቹዋል ሰርቨር ላይ ደግሞ የምታዩት ዲስክ የአከራዩ እውነተኛ ዲስክ አይደለም። ስለዚህ ፍቱኑ መንገድ ሰርቨሩን በተከራያችሁበት በመጀመሪያው ቀን ዲስኩን በ«ለክስ» መመስጠር ነው። የምትለቁ ቀን ቁልፎቹን ታጠፋላችሁ፤ የቁልፎቹን ቅጂ ሌላ ቦታ እስካላስቀመጣችሁ ድረስ ዲስኩ ላይ የሚቀረው ማንም የማይፈታው ዝብርቅርቅ ነው። መረጃው ከገባ በኋላ መመስጠር ግን ቀድሞ በግልጽ የተጻፈውን አይመልስም።

ከማጥፋታችሁ በፊት ቅጂ ውሰዱ፤ ቅጂውንም ከፍታችሁ አንብቡት። የአውሮፓው ደንብ ማስረጃው ለ5 ዓመት እንዲቀመጥ ይጠይቃል፤ ያልተፈተሸ ቅጂ ተማምነው ዋናውን የደለዙ ሰዎች አውቃለሁ። የድረ ገጻችሁንም ስም ከአሮጌው አድራሻ አንሱ፤ አድራሻው ነገ የሌላ ተከራይ ነው።

አጋሮ ላይ ድልዙ ሌሊቱን አደረ። ጠዋት ያንኑ ፍለጋ ደገምነው፤ አንድም ቁጥር አልወጣም። ልጅቷ ወደ ማቋረጫው ስትሄድ የአከራዩን ገጽ እንድትከፍት ለመንኳት። «ስናፕሾት» በሚለው ሥር ከወራት በፊት የተነሳ የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ተቀምጦ ነበር፤ ገበሬዎቹ ሁሉ እንዳሉ። እሱን ካጠፋች በኋላ ኮንትራቱን አቋረጠች።