የዕድገት እክል ያለባቸው ወጣቶች የሥራና የማኅበረሰብ ኑሮ ድጋፍ፦ የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

የዕድገት እክል ያለበት ልጅ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነቱ ነው። አንገቱን ማቅናት ሲዘገይ፣ በመቀመጥና በመናገር ከእኩዮቹ ወደኋላ ሲቀር ወይም የሚጥል በሽታ ሲያጋጥመው ወላጆቹ ይዘውት ይመጣሉ። ምርመራ ይደረጋል፤ መድኃኒት ካስፈለገ ይታዘዛል፤ ምክር ይሰጣል። ልጁ የሕፃናት ክፍልን የዕድሜ ጣሪያ ሲያልፍ ግን ክትትሉ ይላላል፤ ብዙ ጊዜም ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኑሮ ከሕፃንነቱ እጅግ የሚረዝም ቢሆንም የጤና ባለሙያው የሚያየው ጥቂቱን ብቻ ነው። ወላጆች ግን በየጊዜው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ «እኛ ስናልፍ በምን ይተዳደራል? ከማንስ ጋር ይኖራል?»

ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ ከሚሆኑት አንዱ የሆነውን፣ በሥራና በማኅበረሰብ ኑሮ የሚሰጠውን ድጋፍ ያብራራል። የጤና ባለሙያው በዚህ ረገድ የሚጫወተውን ሚናም፣ በተለይም በሕክምና ማስረጃ ላይ የሚጽፈው ቃል ያለውን ክብደት ያሳያል።

የዕድገት እክል ሲባል

የዕድገት እክል የሚባሉት በአእምሮና በነርቭ ሥርዓት ዕድገት ወቅት የሚጀምሩና ዘላቂ የሆኑ ችግሮች ናቸው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ ሴሬብራል ፓልሲ እና ዳውን ሲንድረም ዋና ዋናዎቹ ሲሆኑ የሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ አብሯቸው ይገኛል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የሚለካው በመረዳት ችሎታ ፈተና ውጤት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው በዕለት ተዕለት ኑሮው፣ ማለትም ራሱን በመንከባከብ፣ ከሰው ጋር በመግባባት፣ በገንዘብና በጊዜ አጠቃቀም ያለው ብቃትም አብሮ ይታያል። ውስንነቱ ካለባቸው ሰዎች 85 በመቶ ያህሉ ቀላል በሚባለው ደረጃ ውስጥ እንደሚገኙ የሕክምና መጻሕፍት ይገልጻሉ። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው መካከልም የንግግራቸው አለመጥራት የመረዳት ችሎታቸውን የሚሸፍንባቸው፣ አእምሯቸው ግን ሙሉ የሆነ ብዙዎች አሉ። ስለዚህ የበሽታው ስም ብቻውን ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል አይናገርም።

«መጀመሪያ ይሠልጥን» ከሚለው ወደ «መጀመሪያ ይቀጠር»

በምዕራቡ ዓለም ለረጅም ጊዜ የነበረው አሠራር እነዚህን ሰዎች ለብቻቸው በተከለሉ የሥራ ማዕከላት ሰብስቦ፣ ዕቃ በማሸግና በመገጣጠም የመሳሰሉትን ቀላል ሥራዎች በአነስተኛ ክፍያ ማሠራት ነበር። የማዕከላቱ ዓላማ ሰዎቹን ለመደበኛ ሥራ ማዘጋጀት ቢሆንም አብዛኞቹ «ገና አልተዘጋጁም» እየተባሉ ዕድሜያቸውን እዚያው ይፈጁ ነበር። የዚህ አንዱ ምክንያት ከእክሉ ጠባይ የሚመነጭ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው በአንድ ቦታ የተማረውን ክህሎት ወደ ሌላ ቦታ ማሻገር ይቸግረዋል። በማዕከሉ ያወቀው ሥራ በፋብሪካው ወይም በዳቦ ቤቱ ሌላ መስሎ ይታየዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማርክ ጎልድ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከፍተኛ ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ብዙ ክፍሎች ያሉትን የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም እንደሚችሉ አሳየ። የተጠቀመበት ዘዴ ሥራውን በጥቃቅን ደረጃዎች ከፍሎ እያንዳንዱን ደረጃ በተግባር ማስተማር ነበር። ከዚህና ከመሰል ሥራዎች በመነሣት «ድጋፍ ያለው ቅጥር» የሚባለው አሠራር ዳበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹም በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ቦታ አገኘ። ሐሳቡ የቀድሞውን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ነው። ሰውየው በመጀመሪያ እውነተኛ ሥራ ላይ፣ እክል ከሌለባቸው ሠራተኞች ጋር፣ በመደበኛ ክፍያ ይቀጠራል፤ ሥልጠናው የሚሰጠውም እዚያው ሥራው ላይ ነው። አሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎኑ ይሆናል፤ ሠራተኛው ሥራውን እየለመደ ሲሄድ እርዳታውን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ይርቃል። ጨርሶ ግን አይለይም፤ የሥራው ዓይነት ወይም አለቃው ሲለወጥ ተመልሶ ይመጣል።

ከሆስፒታል የተገኘ ምሳሌ

ለጤና ባለሙያዎች በተለይ ትምህርት የሚሰጠው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል የተጀመረው «ፕሮጀክት ሰርች» ነው። ጀማሪዋ የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ የነበረችው ነርስ ኤሪን ሪል ናት። በክፍሏ የሕክምና ቁሳቁሶችን በየመደርደሪያው የሚሞሉት ሠራተኞች ቶሎ ቶሎ ይለቁ ስለነበር ሥራው ይስተጓጎላል። ሥራው ድግግሞሽ የበዛበት፣ ሆኖም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። በሆስፒታሉ የሚታከሙ የዕድገት እክል ያለባቸው ልጆች አድገው ይህን ሥራ ለምን አይሠሩም? የሚል ጥያቄ አነሣችና ከአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋም ጋር ተባብራ ጀመረችው። ዛሬ መርሐ ግብሩ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ወጣቶቹ አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይውላሉ፤ በሦስት የተለያዩ ክፍሎች እየተዘዋወሩም ይለማመዳሉ።

ውጤቱም በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውና በፖል ዌማን የተመራው በዕጣ የተመደበ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 21 የሆኑ ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶች በሁለት ቡድን አነጻጽሯል። በመርሐ ግብሩ ከታቀፉት 24 ወጣቶች 21ዱ (87.5 በመቶ) ሥራ ሲይዙ፣ የተለመደውን የትምህርት ቤት አገልግሎት ካገኙት 16 ወጣቶች ሥራ የያዘው 1 ብቻ (6.25 በመቶ) ነበር። ጥናቱ አነስተኛ መሆኑና በቂ አሠልጣኝ ባለበት አገር መካሄዱ መዘንጋት የለበትም። ያም ሆኖ የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት የመጣው ከእክሉ ደረጃ ሳይሆን ከድጋፉ መሆኑ ግልጽ ነው።

በአገራችን ሆስፒታሎችም ለዚህ የሚመቹ ሥራዎች አሉ። በካርድ ክፍል ማኅደሮችን በቁጥር መደርደር፣ በልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላ ማጠፍ፣ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ ቆርጦ ማዘጋጀት ለአብነት ይጠቀሳሉ። ጎዝ የማዘጋጀት ሥራ በደረጃ ሲከፋፈል እጅን መታጠብ፣ ጥቅሉን መዘርጋት፣ በተሰጠው ልክ መቁረጥ፣ አንድ ጊዜ ማጠፍ፣ እንደገና ማጠፍ፣ አሥር ቆጥሮ መደራረብ የሚሉትን ያካትታል። አሠልጣኙ በመጀመሪያ እጁን ይዞ ያሳየዋል፤ ቀጥሎ ራሱ ሠርቶ ያሳየዋል፤ ከዚያም በምልክት ብቻ፣ በመጨረሻም በተለጠፈ ሥዕል ብቻ ያስታውሰዋል።

ከቅጥር በፊትና በኋላ የሚደረግ የጤና ክትትል

ብዙ ጊዜ «ሥራ አይችልም» የሚያሰኘው እክሉ ራሱ ሳይሆን ያልታከመ ተጓዳኝ ችግር ነው። ማንኛውንም የጠባይ ለውጥ በእክሉ ማመካኘት የተለመደ ስሕተት በመሆኑ የሚከተሉትን ነጥቦች በጥንቃቄ ማየት ይገባል።

1. ዓይንና ጆሮ፦ ትዕዛዝ የማይከተል ወጣት ያልሰማ ሊሆን ይችላል። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች የመስማት ችግር በጣም የተለመደ ነው።

2. የታይሮይድ ዕጢ፦ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሠራተኛ ሲዘገይ፣ ሲያንቀላፋና ሥራ ሲጠላ የታይሮይድ ማነስን መጠርጠር ተገቢ ነው። የአንገት አጥንት መላላትም ሊኖር ስለሚችል የአንገት ሕመም፣ የአረማመድ ለውጥ ወይም ሽንት ያለመቆጣጠር ከታየ ሸክም ይከልከል፤ ለምርመራም ይላክ።

3. የሚጥል በሽታ፦ በሽታው በመድኃኒት ከተገታ አብዛኛው ሥራ ይፈቀዳል። መራቅ የሚገባው ከእሳት፣ ከከፍታ፣ ከጥልቅ ውኃና ክዳን ከሌለው ተሽከርካሪ መሣሪያ ነው። ፌኖባርቢታል እንቅልፍና የትምህርት መዘግየት ሊያመጣ ስለሚችል መጠኑን መመርመር፣ ከተቻለም በሌላ መተካት ያስፈልጋል። በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

4. ለጠባይ ችግር የተሰጠ መድኃኒት፦ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ከዓመታት በፊት ታዝዘው ሳይከለሱ የሚቀጥሉበት ጊዜ አለ። የእጅ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር የሥራ ችሎታን ያሳጣሉ።

5. ሕመምን መግለጽ አለመቻል፦ በድንገት ቁጡ የሆነ ወይም ራሱን የሚመታ ሠራተኛ የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ ቁስለት ወይም የሆድ ድርቀት ይዞት ሊሆን ይችላል።

የሕክምና ማስረጃው ቃል

ቀጣሪው የሕክምና ማስረጃ ሲጠይቅ የባለሙያው ብዕር በር ሊከፍት ወይም ሊዘጋ ይችላል። «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት፤ ለሥራ ብቁ አይደለም» የሚል ማስረጃ በአንድ መስመር የአንድን ሰው የወደፊት ኑሮ ይወስናል። ለየትኛው ሥራ ብቁ እንዳልሆነ ግን አይናገርም። ሥራው ላይ ሳይሞከርና ድጋፍ ሳይደረግለት ማንም ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ጠቃሚ የሚሆነው የሰውየውን ችሎታና የሚያስፈልገውን ድጋፍ የሚዘረዝር ማስረጃ ነው። ለምሳሌ፦ «ሁለት ተከታታይ የቃል ትዕዛዞችን ይረዳል። ጽሑፍ አያነብም፤ በሥዕል የተገለጸ ቅደም ተከተል ግን ይከተላል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎኑ የሚያሠለጥነው ሰው ያስፈልገዋል። ከእሳትና ከከፍታ ርቆ እንዲሠራ ይመከራል። በየሦስት ወሩ ለክትትል ፈቃድ ያስፈልገዋል።» በማስረጃው ላይ መስፈር ያለበት ለሥራው የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ምስጢር በመሆኑ ያለ ወጣቱ ፈቃድ ለቀጣሪ አይገለጽም። ፈቃዱም ሲጠየቅ በሚገባው ቋንቋ ለራሱ ሊነገረው ይገባል እንጂ ለወላጁ ብቻ መንገር አይበቃም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች እንዲደግፍ ይደነግጋል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም የሚያካትት ሲሆን፣ ቀጣሪው የሥራና የሥልጠና ሁኔታውን እንዲያመቻች፣ አካል ጉዳተኛው ሥራውን እንዲያከናውን ወይም ሥልጠናውን እንዲከታተል የሚያግዝ ረዳት እንዲመድብ ኃላፊነት ይጥልበታል። ስለዚህ ከጎን ሆኖ የሚያሠለጥን ሰው መመደብ በሕግ መሠረት ያለው እንጂ የችሮታ ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 19 በማኅበረሰብ ውስጥ የመኖርን፣ በአንቀጽ 27 የመሥራትን መብት ያረጋግጣል።

ማኅበረሰቡና ቤተሰቡ

ሥራ ብቻውን ኑሮን አያሟላም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ መመሪያ ጤናን፣ ትምህርትን፣ መተዳደሪያን፣ ማኅበራዊ ኑሮንና አቅም መገንባትን አንድ ላይ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። በአገራችን እክሉን የእርግማን ወይም የወላጅ ኃጢአት ውጤት አድርጎ ማየት ገና ስላልጠፋ ልጁን ከሰው ዓይን መሸሸግ ያጋጥማል። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ መሥርታ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገሯ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ አደባባይ እንዲያወጡ በር ከፍቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዘዋወሩ የተሸሸገውን ወጣት ለማግኘት የተሻለ ዕድል አላቸው። ለወላጆቹ በመጀመሪያ ሊነገራቸው የሚገባው ልጁን በቤት ሥራ ማሳተፍ ነው። ውኃ መቅዳት፣ ቡና መልቀም፣ ዕቃ ማጠብና ከሱቅ አንድ ነገር ገዝቶ መምጣት የሥራ ትምህርት መጀመሪያዎች ናቸው። ወላጆቹ ወደ እድርና ወደ ማኅበር ሲሄዱም አብሯቸው ቢሄድ፣ እነርሱ ባለፉ ጊዜ የሚያውቀው ሰው ይኖራል።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ አይለይ። ያለ ክፍያ ማሠራት፣ ደመወዙን ሌላ ሰው መቀበል፣ በተለይም በሴቶች ላይ የሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት ሊያጋጥም ስለሚችል በክትትል ወቅት ወጣቱን ለብቻው ማነጋገር ያስፈልጋል። እክላቸው የከበደ ሰዎች ደግሞ ቅጥር ባይሆንላቸውም የቀን ውሎና ተግባር አያስፈልጋቸውም ማለት አይደለም።

ማጠቃለያ

የዕድገት እክል በመድኃኒት አይድንም። ሰውየው የሚኖረው ኑሮ ግን በድጋፍ ይለወጣል። የጤና ባለሙያው ክትትሉ ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ክፍል ሲሸጋገር እንዳይቋረጥ ማድረግ፣ ተጓዳኝ ችግሮችን ማከም፣ በማስረጃው ላይ ችሎታንና ድጋፍን መዘርዘር፣ ወጣቱንም በአካባቢው ካለው የማኅበራዊ ጉዳይና የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጋር ማገናኘት ይችላል። የጤና ተቋማት ራሳቸውም ቀጣሪዎች ናቸው። በካርድ ክፍሉ ወይም በልብስ ንጽሕናው አንድ ወጣት ተቀብሎ መጀመር ከየትኛውም ምክር ይልቅ ሌሎች ቀጣሪዎችን ያሳምናል።