በተከራዩ ላይ የሚመሰክረው ወረቀት

በአገራችን ቤት ፈላጊ የሚጠየቀው ነገር የታወቀ ነው። ደላላው «ስንት ቤተሰብ ናችሁ?» ይላል፤ አከራይዋ ደግሞ «የማን ልጅ ነህ? የት ትሠራለህ? ማን ያውቅሃል?» እያሉ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። የሚያውቀው ሰው ከተገኘ፣ ቅድሚያው ከተከፈለና የመታወቂያ ቅጂ ከተሰጠ ነገሩ አለቀ። በአሜሪካ ግን አከራዩ ጥያቄውን ለአንድ ኩባንያ አሳልፎ ይሰጣል። ኩባንያውም ተከራዩን ሳያይ፣ ድምፁንም ሳይሰማ፣ ስለ ማንነቱ የተጻፈ ሪፖርት ይልካል። የብዙዎቻችን ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ በዚያ አገር ይኖራልና ይህ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ በዚህ ወር ልንነጋገርበት ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ያነሣሣን የቀድሞ ተማሪያችን ነው። ደሴ ሳለን ያስተማርነው ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ከዋሽንግተን አጠገብ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ይኖራል። በ2022 እንደ ሄደ ከአንድ ያገሩ ሰው ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቶ ቆየ። ቤተሰቡ ሲመጣለት ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ፈልጎ ማመልከቻ አስገባ፤ የማመልከቻውንም ገንዘብ ከፈለ። በሦስተኛው ቀን «ማመልከቻዎን ልንቀበል አልቻልንም» የሚል አጭር ደብዳቤ መጣለት። ደውሎ ያለን ይህን ነበር፦ «ኡስታዝ፣ የባለቤቴን ሒጃብ አይተው ነው እንጂ ሌላ ምን ምክንያት አላቸው?»

አይሆንም አላልነውም። በሃይማኖት፣ በዘር ወይም በትውልድ አገር ምክንያት ቤት መከልከልን የሚያግድ ሕግ በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ አለ፤ በልጆች ምክንያት መከልከልም በ1988 ተጨምሮበታል፤ ሕጉ የወጣውም ድርጊቱ ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን «ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?» ብለን ጠየቅነው። አላነበበውም ነበር። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል የአንድ ኩባንያ ስም፣ አድራሻና ስልክ ተጽፎአል።

ያ ግርጌ የተጻፈው በደግነት አይደለም። በ1970 የወጣው የፌዴራል የክሬዲት ሪፖርት ሕግ፣ አከራይ በሙሉም ሆነ በከፊል በሪፖርት ተመርኩዞ ተከራይን ሲመልስ ሪፖርቱን ማን እንደ ሰጠው እንዲናገር ያስገድደዋል። መመለስ ብቻም አይደለም፤ በሪፖርቱ ምክንያት ዋስ አምጣ ወይም ከሌላው የበለጠ መያዣ ክፈል ቢለውም ግዴታው ያው ነው። ተከራዩ በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቀ ኩባንያው የሪፖርቱን ቅጂ በነፃ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ግን «እምቢ» የሚለውን ቃል ሲያይ ደብዳቤውን አጥፎ ያስቀምጠዋል፤ 60ው ቀንም እንዲሁ ያልፋል።

ተማሪያችን ጠየቀ፤ ሪፖርቱም መጣ። ገጾቹን ፎቶ አንሥቶ ላከልንና፣ በእኛ ከፈጅር በኋላ፣ በእርሱ ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ በስልክ አብረን አነበብነው።

የመጀመሪያው ገጽ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የኖረባቸው አድራሻዎች ናቸው። ይህን ገጽ ሰው ሁሉ «የራሴን ስም አላጣውም» ብሎ ይዘልለዋል። ስሕተቱ የሚበቅለው ግን እዚያው ነውና በኋላ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ የክሬዲት ክፍል አለ። መረጃው የሚመጣው ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ከሚባሉት ሦስት ታላላቅ ድርጅቶች ከአንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይሰጠዋል። ሰዎች ነጥቡን የሀብት መለኪያ ያደርጉታል፤ አይደለም። ፋይኮ በተባለው የታወቀ ስሌት መሠረት ከመቶ 35ቱ እጅ ዕዳን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ ነው፤ 30ው አሁን ያለው የዕዳ መጠን ነው፤ 15ቱ ታሪኩ የቆየበት ዘመን ሲሆን የቀረው ለአዳዲስ ብድሮችና ለብድሩ ዓይነት ይከፋፈላል። ደመወዝ በስሌቱ የለም። የባንክ ተቀማጭም የለም። ስለዚህ ተበድሮ የማያውቅ ሰው ነጥቡ ዝቅተኛ ሳይሆን፣ ጨርሶ ነጥብ የሌለው ሊሆን ይችላል።

የእኛ ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። ወለድን ሸሽቶ ክሬዲት ካርድ አልያዘም፤ መኪናውንም ያገኘው ቆጥቦ በጥሬ ገንዘብ ነው። በሪፖርቱ ላይ «በቂ መረጃ የለም» ተባለ። ዕዳ የሌለበት ሰው ማንነቱ እንዳልታወቀ ሰው መቆጠሩ እኛን አስደንቆናል፤ እርሱን አናድዶታል። ካርዱን ይዞ ወሩ ሳያልቅ ሙሉውን እየከፈሉ ከወለዱ ስለ መዳን የሚነሣውን ጥያቄ ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን፤ በዚህ ላይ የተለያየ አስተያየት እንዳላቸውም እናውቃለን። ለቤት ኪራይ ጉዳይ ግን ሌላ መንገድ አለ። ነጥብ የሌለው ተከራይ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ፣ የጥቂት ወራት የባንክ መግለጫና የቀድሞ አከራዩን ምስክርነት አያይዞ ማቅረብ ይችላል። አከራዩ የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ብዙዎች ግን ይቀበላሉ።

የቀድሞ አከራዩ ምስክርነት ሲባል ልጁ ዝም አለ። በምድር ቤቱ ሁለት ዓመት ከፈለ እንጂ ውል አልጻፈም፤ ደረሰኝም አልተቀበለም። «ያገሬ ሰው ነው፤ ወረቀት ብጠይቀው አላመነኝም ይለኛል ብዬ ነው» አለን። እዚህ ላይ እንደ መምህርነታችን ትንሽ ሳንቆጣው አልቀረንም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር መሆኑን ከእኛው ዘንድ ተምሮታልና። እንደ እርሱ በየምድር ቤቱ ከወገናቸው ተከራይተው፣ ወር ሳያሳልፉ ከፍለው፣ አንዲት ማስረጃ ሳይዙ የሚወጡ ስንት ናቸው! ሰውየው ግን ደግ ሰው ነበርና የተከፈለውን ወር በወር ቆጥሮ ደብዳቤ ጻፈለት።

ከክሬዲቱ በኋላ የፍርድ ቤት ክፍል ይመጣል። ልጃችንን ያስደነገጠው እዚህ ያለው ነው። በሚኒሶታ ግዛት፣ በ2021፣ ኪራይ ባለመክፈል ከቤት የማስለቀቅ ክስ ተመሥርቶበታል ይላል። ሚኒሶታን በካርታ እንጂ በዓይኑ አላየውም። በ2021ም ገና ደሴ ነበር።

ታዲያ ይህ ክስ ከየት መጣ? ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤት የማስለቀቅ ክስ መዝገቦች አብዛኛውን ጊዜ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለባቸውም፤ የትውልድ ቀን እንኳ የማይገኝባቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ የማጣሪያ ኩባንያው ኮምፒውተር መዝገቡን ከአመልካቹ ጋር የሚያገናኘው በስም ነው። የእኛ ሰው ስም ደግሞ እዚያ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ የአባት ስም በመካከል ይገባና ብዙ ጊዜ ይጣላል። የቀረው «መሐመድ አህመድ» ከሆነ፣ በሚኒሶታ ብቻ ያሉትን ሶማሌዎችና የኛን ሰዎች ማን ይቆጥራቸዋል? በላቲን ፊደል መሐመድን አንዱ በ«ኦ»፣ አንዱ በ«ዩ»፣ አንዱ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋልና ኮምፒውተሩም «ይቀራረባል» ብሎ ያልፈዋል። የትውልድ ቀን ቢኖርም አያድንም፤ የተወለደበት ቀን ላልተመዘገበ ስደተኛ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታልና። ልጃችንም ከነዚያ አንዱ ነው። የብዙ ሺህ ሰዎች ልደት በአንድ ቀን ሲሆን ቀኑ ሰውን ከሰው አይለይም። (ባልና ሚስት የየአባታቸውን ስም ይዘው መኖራቸው የአከራዮችን ቢሮ እንዴት እንደሚያደናግር ብንጽፍ ሌላ ገጽ ይፈጃል።)

ይህ የእኛ ሰዎች ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2018 ሪልፔጅ የተባለውን የማጣሪያ ኩባንያ በዚሁ ጉዳይ ከስሶ 3 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል፤ የቤተሰብ ስም ከገጠመ ሌላው በግምት ቢቀራረብም የወንጀል መዝገብ ይለጥፍ ነበር ተብሎ ነው። በ2020 አፕፎሊዮ 4.25 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2023 የትራንስዩኒየን የኪራይ ማጣሪያ ክፍልና እናት ኩባንያው በድምሩ 15 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተወሰነ።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የሌላው ዝርዝር ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በአሸባሪነትና በአደንዛዥ ዕፅ ንግድ የጠረጠራቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ይይዛል፤ ማጣሪያ ኩባንያዎችም የአመልካቹን ስም ከዚያ ጋር ያስተያያሉ። በ2011 አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ መኪና ሊገዛ ሄዶ፣ ስሙ በዚያ ዝርዝር ከሚገኝ ሰው ስም ጋር ተመሳስሎ በክሬዲት ሪፖርቱ ላይ ስለ ተጻፈ ሻጩ መለሰው። ትራንስዩኒየን ያስተያየው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብቻ ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ተወሰነ። እንዲህ ያለ ምልክት ከተደረገባቸው 8,185 ከሳሾች ውስጥ ካሣ የመጠየቅ መብት የተፈቀደው ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን ለተላከባቸው 1,853 ብቻ ነው። ሰውየው ስሙ የስፓኝ እንጂ የሙስሊም አልነበረም። «መሐመድ» ለተባለ ወንድማችን ይህ መስመር በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበት ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻም። በልጃችን ሪፖርት ላይ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ንጹሕ ነበር።

የወንጀሉንም ክፍል በአጭሩ እንለፈው። በፌዴራሉ ሕግ ፍርድ ያላገኘ እስራትና የፍትሐ ብሔር ክስ በመደበኛው ከ7 ዓመት በኋላ መውጣት አለበት፤ ኪሣራ እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ የወንጀል ጥፋተኝነት ውሳኔ ግን ገደብ የለውም። ከቤት ማስለቀቅ ክስ ላይ የሚታየውም መዝገቡ መከፈቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተከራዩ ረትቶ ወይም ክሱ ተሰርዞ ውጤቱ ያልተጻፈበት ብዙ አለ፤ ያም ቢሆን እንዲታረም ይጠየቃል።

በመጨረሻው ገጽ ላይ «ተቀበል» ወይም «አትቀበል» የሚል ምክር ተቀምጦአል። ምክሩ የሚሠራው አከራዩ አስቀድሞ ባስቀመጠው መስፈርት ነው፤ ወሳኙም አከራዩ ነው። ስለዚህ አከራዩን ብቻ መለመን ወረቀቱን አያርመውም፤ ኩባንያውን ብቻ መክሰስም ቤቱን አያስገኝም። ለሁለቱም መጻፍ ያስፈልጋል።

እኛም እንዲህ አስጻፍነው። ክሱ የእርሱ እንዳልሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር፤ በ2021 ኢትዮጵያ እንደ ነበረ በሌላ፤ የፓስፖርቱን የመግቢያ ማኅተም ቅጂ ጨምሮ። ቁጣውን፣ የድካሙን ታሪክና የሒጃቡን ነገር ከደብዳቤው አስወጣን፤ መዝገብ የሚያነብ ጸሐፊ የሚፈልገው ቀንና ማስረጃ ነው። በአደራ ደብዳቤ ላከው፤ ቅጂውንም ለአከራዩ ሰጠ። ሕጉ ኩባንያው በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ እንዲመልስ ያዛል። ያላረጋገጠውንም መሰረዝ አለበት።

በዚህ መካከል «ክሬዲትህን በሳምንት እናጸዳልሃለን፤ መጀመሪያ 600 ዶላር» የሚል ሰው አገኘው፤ የኛው ቋንቋ ተናጋሪ። አትክፈል አልነው። በ1996 የወጣ ሕግ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሥራውን ሳይፈጽሙ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ስሕተትን ማሳረም ደግሞ ለባለቤቱ በነፃ ነው። የክሬዲት ሪፖርትን ከሦስቱ ድርጅቶች በየሳምንቱ በነፃ ማየትም ከ2023 ጀምሮ የዘወትር ሆኖአል።

መልሱ በ19ኛው ቀን መጣ፤ የሚኒሶታው ክስ ተሰረዘ። አፓርትመንቱ ግን ለሌላ ሰው ተከራይቶ ነበር። ልጁ ሌላ ቤት አገኘና ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የቢሮዋን ሴት ሦስት ነገር ጠየቃት፦ የትኛውን ኩባንያ እንደሚጠቀሙ፣ ገቢ ከኪራዩ ስንት እጅ እንዲሆን እንደሚፈልጉ፣ ክሬዲት የሌለውን ሰው ይቀበሉ እንደሆነ። ሴትዮዋ ሦስት እጥፍ ገቢና የሁለት ወር መያዣ ካለው እንደሚቀበሉት ነገረችው። በቨርጂኒያ ሕግ መያዣ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የማመልከቻ ክፍያም፣ ለማጣሪያው ከሚወጣው ወጪ በቀር፣ ከ50 ዶላር መብለጥ የለበትም።

ባለፈው ጁምዓ ማመልከቻውን አስገብቶአል። በቅጹ ላይ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ሳያሳጥር ጽፎ፣ የታረመውን ሪፖርትና የምድር ቤቱን ሰውዬ ደብዳቤ አያይዞበታል። እስከ ሐሙስ መልስ እንሰጥሃለን ብለውታል።