ከሰማይ የተነሣ የምድር ሥዕል በኢንተርኔት ስለሚታደልበት አኳኋንና ሹማምንት ሊጠነቀቁበት ስለሚገባው ነገር

ምድርን ከሰማይ የሚመለከቱ ሳተላይቶች ለእርሻ አስተዳደር ብዙ ጥቅም ይሰጣሉ። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ኋላ ላንድሳት 1 የተባለውን ወደ ሰማይ ሰደደ፤ በ2008 ዓ.ም. የላንድሳት ሥዕሎች ያለ ዋጋ እንዲታደሉ ተፈቀደ። በ2015 ዓ.ም. የኤውሮጳው ሴንቲኔል 2 ተከተለ፤ ሁለት ሆነው ሲሠሩም አንዱን ስፍራ በ5 ቀን አንድ ጊዜ ያነሡታል።

ይህ ራስተር የተባለው ሥዕል በጥቃቅን አራት ማዕዘን የተከፈለ ነው። በሴንቲኔል 2 ያንዱ ክፍል ወርዱም ቁመቱም 10 ሜትር ሲሆን፥ አንድ ሔክታር 100 ክፍል ይይዛል፤ በየክፍሉም ከመሬቱ የተመለሰው የብርሃን ልክ በቍጥር ተመዝግቧል። የለመለመ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውንና ለዐይን የማይታየውን ብርሃን ግን ይመልሳል። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት የልምላሜውን ልክ ያስታውቃል።

ወርዱም ቁመቱም 100 ኪሎ ሜትር የሆነ አገር ለአንድ ዐይነት ብርሃን ብቻ 100 ሚሊዮን ቍጥር አለው። ይህን ሁሉ ወደየወረዳው መላክ ከባድ ስለ ሆነ፥ መዝገቡ በአንድ ማዕከል ተቀምጦ ጠያቂው የሚፈልገውን ስፍራ ብቻ በኢንተርኔት ይቀበላል።

አገልግሎቱ በተለይ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ደብልዩ ኤም ኤስ ሲባል፥ ማዕከሉ ቍጥሩን ወደ ቀለም ለውጦ የተዘጋጀ ሥዕል ይልካል። ሁለተኛው ደብልዩ ሲ ኤስ ሲባል ቍጥሩን ራሱን ይልካል። የፊተኛው ለማየት ቀላል ነው፤ ነገር ግን አረንጓዴው ከምን ቍጥር እንዲጀምር የወሰነው አዘጋጁ ስለ ሆነ፥ የቀለሙን መፍቻ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአዝመራን ጉዳት ለመለካትና ያንዱን ዓመት ከሌላው ዓመት ለማመዛዘን የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

ደግሞም በክረምት ደመና እርሻውን ይሸፍናል። ስለዚህ አንዳንድ አገልግሎት በልዩ ልዩ ቀን የተነሡትን ገጣጥሞ እንደ አንድ ሥዕል ያቀርባል። እንዲህ ባለው ሥዕል ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀበሌዎች በሳምንታት የሚለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። አረምም እንደ ጤፍ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በዚህ ምክንያት ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ እንደ ደኅና ተቈጥሮ ከርዳታ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ሹሙ በሥዕል ተመርቶ ሪፖርት ሲጽፍ፥ ሥዕሉ የተነሣበትን ቀን፥ የአገልግሎቱን ዐይነትና በደመና የተሸፈነውን ስፍራ አብሮ ይጻፍ። ሥዕሉ ቀድሞ ሊታይ የሚገባውን ቀበሌ ያመለክተዋል፤ የጉዳቱ ልክ የሚጸናው ግን የእርሻ ሠራተኛ ማሳውን ቆሞ ከተመለከተ በኋላ ነው።