ከመስታወቱ በፊት ማቆሚያውን እዩ

«ለልጄ ቴሌስኮፕ ልገዛለት ነው፤ ስንት እጥፍ የሚያጎላው ይሻላል?» ይሉኛል ወላጆች። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቃቸው በምን ላይ እንደሚቆም ነው።

ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ» ተብሎ ቢጻፍም፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 60 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ከ120 እጥፍ በላይ የሚያሳየው ድብዝዝ ያለ ነገር ነው። ዋናው ቁም ነገር ስፋቱ ነው። 130 ሚሊሜትር መስታወት ከ60ው አራት እጥፍ ተኩል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል።

ሆኖም ምርጡ መስታወት እንኳ በቀጫጭን እግሮች ላይ ከቆመ ዋጋ የለውም። ሳተርንን በስንት መከራ አግኝታችሁ ምስሉን ልታጠሩ ስትነኩት ይንቀጠቀጣል፤ ፕላኔቷም ከዓይናችሁ ትጠፋለች። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦውን በጣታችሁ መታ አድርጉት። ንዝረቱ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልቆመ ተዉት።

ኢኳቶሪያል የሚባለው ማቆሚያ አንዱ ዘንጉ የሰሜን ኮከብ ወዳለበት የሰማይ ዋልታ ተነጣጥሮ የሰማዩን ዙረት ይከተላል። ፎቶ ለማንሳት ግሩም ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም። በእኔ ግቢ እንጦጦ ጋርዶታል። ደግሞም ብዙዎቹ ማቆሚያዎች ያን ያህል ዝቅ ብለው አይስተካከሉም።

ለእኛ ግቢ የሚስማማው ዶብሶኒያን ነው። በአንድ ወቅት መነኩሴ የነበረው ጆን ዶብሰን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቴሌስኮፖቹን ከካርቶን ቱቦና ከእንጨት እየሠራ፣ መንገድ ዳር አቁሞ ለአላፊ አግዳሚው ጨረቃን ያሳይ ነበር። ማቆሚያው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞር ሣጥን ነው፤ ሞተር የለው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግ። ቢሰበር የሰፈር አናጢ በቺፕውድ ይሠራዋል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የ130 ሚሊሜትር ዶብሶኒያን እንዲያመጣላችሁ ንገሩት። የትኩረት ርቀቱ 650 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በ10 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ 65 እጥፍ ያጎላል፤ የሳተርን ቀለበትና አራቱ ትልልቅ የጁፒተር ጨረቃዎች ይታያሉ። የማይነቃነቅ በርጩማ ይበቃዋል። በግንቦት ምሽት ደመና ከሌለ ወደ ደቡብ አዙሩትና ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለውን የከዋክብት ክምችት ፈልጉ። ለንደን ያለ ሰው ከአገሩ ሆኖ ፈጽሞ አያየውም፤ ለእኛ ግን ከአድማስ 30 ዲግሪ በላይ ይወጣል።

ቴሌስኮፑን ከማየታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጥታችሁ አቀዝቅዙት። ቀን ሲግል የዋለ ቆርቆሮ ጣራ አመሻሹ ላይ አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው፣ በጣራ ላይ አሻግራችሁ አትዩ። ፀሐይን ደግሞ የቱቦው አፍ ላይ የሚገጠም ልዩ ማጣሪያ ከሌለ ለአፍታም እንዳትሞክሩ፤ ዓይን ያጠፋል።