የጠባሳ ካሳ ጥያቄ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች)

የጠባሳ ካሳ ጥያቄ በዩናይትድ ስቴትስ ጦር ኃይል ውስጥ ያገለገለ ሰው በአገልግሎት ዘመኑ ከደረሰበት ቁስል፣ ቃጠሎ ወይም ቀዶ ሕክምና በአካሉ ላይ ለቀረ ጠባሳ ወርሃዊ የጉዳት ክፍያ እንዲሰጠው ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ውድቅ ሲሆን ወይም የተሰጠው የጉዳት ደረጃ ሲያንስ የሚቀርበው ይግባኝም የዚሁ ጉዳይ ክፍል ነው። ጠባሳ በዓይን የሚታይ ነገር ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ክርክር የሚነሳው ግን ጠባሳው በየትኛው የአካል ክፍል እንዳለ፣ ስንት ኢንች እንደሆነ፣ ማመም አለማመሙ፣ መቼ እንደመጣ እና ይህ ሁሉ በሕክምና መዝገብ ላይ በመስፈሩና ባለመስፈሩ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠባሳውን ከአገልግሎት ጋር ማያያዝ

ክፍያ ለማግኘት ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው፦ ጠባሳው አሁን መኖሩ፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ የደረሰ አደጋ ወይም ሕመም መኖሩ፣ እንዲሁም በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት። ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ ወታደሩ ሲቀጠር፣ ሌላው ሲሰናበት የተደረገለት የጤና ምርመራ። የቆዩት የጦር ኃይሉ የምርመራ ቅጾች መለያ ምልክቶች፣ ጠባሳዎችና ንቅሳቶች የሚመዘገቡበት የራሱ መስመር ነበራቸው። በመግቢያው ያልነበረ ጠባሳ በመውጫው ላይ ከተጻፈ የጉዳዩ ከባዱ ክፍል አልፏል ማለት ይቻላል። በመግቢያው ላይ ተመዝግቦ ከነበረ ግን ጠባሳው ከአገልግሎት በፊት የነበረ ነው ተብሎ ስለሚወሰድ፣ ጠያቂው በአገልግሎቱ ምክንያት መባባሱን ማሳየት ይኖርበታል።

ብዙዎችን የሚያስገርም አንድ ደንብ እዚህ ላይ አለ። አንድ ወታደር ከመቀጠሩ በፊት የነበረበትን ሕመም፣ ለምሳሌ ቡአን፣ የጦር ሠራዊቱ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ቢያስተካክልለት የቀረው የቀዶ ሕክምና ጠባሳ በአገልግሎት የመጣ ጉዳት ተደርጎ አይቆጠርም። ሕመሙ ራሱ በአገልግሎቱ ከተባባሰ ብቻ ነው ጉዳዩ የሚለወጠው። ጠባሳው የተፈጠረው በአገልግሎት ዘመን፣ በሠራዊቱ ሆስፒታል፣ በሠራዊቱ ሐኪም እጅ ሆኖ ሳለ ጥያቄው ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

መዝገብ የሌለው ሰው ሁሉ ግን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። በሐምሌ 1973 በሴይንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደር ፋይሎች ጠፍተዋል። ከጠፉት አብዛኞቹ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች ፋይሎች ናቸው፤ የሁለተኛው ዓለም ጦርነትና የኮሪያ ዘማቾችም በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የጓደኛ ወታደር ምስክርነት፣ በዘመኑ የተጻፈ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ቦታውን ሊይዝ ይችላል። በውጊያ ላይ ለቆሰለ ሰው ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ይለሳለሳል፤ የሚናገረው ነገር ከውጊያው ሁኔታ ጋር የሚስማማ ከሆነ መዝገብ ባይኖርም ቃሉ ስለ አደጋው መድረስ እንደ በቂ ማስረጃ ይወሰዳል፣ ተቃራኒ የሆነ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ካልቀረበ በስተቀር። ጠባሳን ለማየትና ሕመሙን ለመናገር ሐኪም መሆን ስለማያስፈልግም የጠያቂው የራሱ ቃል በዚህ ዓይነት ጉዳይ ከሌሎች ሕመሞች ይልቅ ክብደት አለው። ማስረጃው ለሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይተረጎማል።

የጉዳት ደረጃ አሰጣጥ

መሥሪያ ቤቱ ጠባሳን የሚመዝነው ከ7800 እስከ 7805 ባሉ መለያ ቁጥሮች ነው። ቁጥር 7800 የራስ፣ የፊትና የአንገት ጠባሳን ይመለከታል። ስምንት የመልክ መበላሸት ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ ከእነዚህም መካከል ርዝመቱ 5 ኢንች (13 ሳንቲሜትር) ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ፣ ሰፊው ቦታ ላይ ቢያንስ ሩብ ኢንች መድረሱ፣ ሲዳሰስ ከቆዳው ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ፣ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር መጣበቁ ይገኛሉ። አንድ ምልክት 10 በመቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት 30 በመቶ፣ አራት ወይም አምስት 50 በመቶ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ 80 በመቶ ያሰጣሉ። ሩብ ኢንች ትንሽ ነገር ነው፤ ሆኖም መርማሪው ሐኪም መለኪያ ካላወጣ አንድ ሰው ሊያገኝ የሚገባውን 10 በመቶ ሊያጣ ይችላል። ደንቡ የፊት ጠባሳ ሲመዘን ያልተነካካ ባለቀለም ፎቶግራፍ እንዲታይ የሚያዘውም ያለምክንያት አይደለም።

በሌላው የአካል ክፍል ላይ ያለ ጠባሳ በስፋቱ ይለካል። ከሥሩ ያለውን ሥጋ የጎዳ ከሆነ በቁጥር 7801 መሠረት ከ6 ካሬ ኢንች ጀምሮ 10 በመቶ ያሰጣል፤ 144 ካሬ ኢንች ሲሞላ 40 በመቶ ይደርሳል። ቆዳውን ብቻ የነካ ጠባሳ (7802) ግን 10 በመቶ ለማግኘት እንኳ 144 ካሬ ኢንች መሙላት አለበት።

ለብዙ ሰዎች በር የሚከፍተው ቁጥር 7804 ነው፤ ምክንያቱም ስፋት አይጠይቅም። የሚያም ወይም ቆዳው በተደጋጋሚ የሚላጥ ጠባሳ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ 10 በመቶ፣ ሦስት ወይም አራት ከሆነ 20 በመቶ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ 30 በመቶ ይሰጠዋል። ያው አንዱ ጠባሳ የሚያምም የሚላጥም ከሆነ 10 በመቶ ይጨመራል። ከጥቅምት 2008 በፊት የነበረው ደንብ ሕመሙ በምርመራው ላይ እንዲታይ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ይህ ሐረግ የለም፤ በብርድ ወይም ልብስ ሲነካው የሚያም፣ በምርመራው ቀን ግን ያላመመ ጠባሳም ሊቆጠር ይችላል። ቁጥር 7805 ደግሞ ጠባሳው ያስከተለው ሌላ ችግር፣ ለምሳሌ የክርን አለመታጠፍ፣ በራሱ መለያ ቁጥር እንዲመዘን ያዛል።

ከእነዚህ ሁሉ በታች የወደቀ ጠባሳ 0 በመቶ ይሰጠዋል። ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ጠባሳው ከአገልግሎት ጋር መያያዙ ታውቋል፣ ከዓመታት በኋላ ቢብስ ጠያቂው ማሳየት የሚኖርበት መባባሱን ብቻ ነው።

አንድ ቁስል፣ ብዙ ደረጃ

አንድን ሕመም ሁለት ጊዜ መክፈል ክልክል ነው። ሆኖም የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1994 ኢስቴባን በተባለው ጉዳይ ላይ አንድ አደጋ በፊት ላይ ያስከተለው የመልክ መበላሸት፣ የሚያም ጠባሳ እና ማኘክን የሚያስቸግር የጡንቻ ጉዳት ለየብቻ ሊመዘኑ እንደሚገባ ወስኗል፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይደራረብምና። ደረጃዎቹ ግን እንዲሁ አይደመሩም። የመጀመሪያው 10 በመቶ ከ100 ይነሳል፣ 90 ይቀራል፤ ሁለተኛው ከቀሪው 90 ላይ 9 ይወስድና 19 ይሆናል፤ ሦስተኛው ሲጨመር ወደ 27 ይደርሳል፣ ወደ ቅርቡ አሥር ተጠግቶም 30 በመቶ ይባላል።

ጥይትና ፍንጣሪ ያደረሰው ጠባሳ ሌላም ነገር ይናገራል። የገባበትና የወጣበት ምልክት ፍንጣሪው በሥጋ ውስጥ ያለፈበትን መንገድ ስለሚያሳይ ደንቡ የጡንቻ ጉዳትን ክብደት ሲለይ ጠባሳውን እንደ ምስክር ይቆጥረዋል። ትንሽና ቀጥ ያለ ጠባሳ መጠነኛ ጉዳትን ሲያመለክት፣ የተቦጫጨቀ፣ የጎደጎደና ከሥሩ የተጣበቀ ደግሞ ከባዱን ያመለክታል። ስለዚህ ጠባሳውን ብቻ ጠይቆ ጡንቻውን የዘነጋ ሰው የጉዳዩን ዋና ክፍል ትቶ ሊሆን ይችላል።

ይግባኝ

እስከ 1988 ድረስ የመሥሪያ ቤቱን ውሳኔ ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ አይቻልም ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ልዩ የይግባኝ ፍርድ ቤት አቋቋመ። ዛሬ ያለው አሠራር በ2017 ወጥቶ ከየካቲት 19 ቀን 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ውሳኔ የደረሰው ሰው ሦስት መንገድ አለው። አዲስና ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ ማስረጃ ካለው ተጨማሪ ጥያቄ ያቀርባል። ማስረጃው በፋይሉ ውስጥ አለ፣ ስህተቱ አመዛዘኑ ላይ ነው የሚል ከሆነ ከፍ ያለ ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቃል፤ በዚህ መንገድ አዲስ ወረቀት አይገባም። ወይም በቀጥታ ወደ ይግባኝ ቦርድ ይሄዳል።

ለጠባሳ ጉዳይ ምርጫው የሚወሰነው ስህተቱ የት እንደሆነ በማየት ነው። መርማሪው አራት የሚያሙ ጠባሳዎችን ጽፎ ሳለ ውሳኔው 10 በመቶ ከሆነ ሁለተኛው መንገድ ይበቃል፤ የጎደለ ነገር የለምና። መርማሪው ጠባሳውን ሳይለካ ከቀረ ግን አዲስ የሐኪም ልኬትና ፎቶግራፍ ማቅረብ ይሻላል። ቦርዱም በቂ ያልሆነ ምርመራ ሲያገኝ ጉዳዩን እንደገና ምርመራ እንዲደረግበት ሊመልሰው ይችላል፤ ይህ ማሸነፍም መሸነፍም አይደለም፣ ተጨማሪ የመጠበቅ ጊዜ ነው።

ከሦስቱ መንገዶች አንዱን በአንድ ዓመት ውስጥ የያዘ ሰው ቢረታ ክፍያው ከመጀመሪያው ጥያቄ ቀን ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል። ዓመቱን ያሳለፈ ሰው ተጨማሪ ጥያቄ ማቅረብ ባይከለከልም ያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ያመልጠዋል። የቦርዱን ውሳኔ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመውሰድ ደግሞ ያለው ጊዜ 120 ቀን ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤቱም አዲስ ማስረጃ አይቀበልም፣ ቦርዱ የነበረውን ፋይል ብቻ ይመለከታል።