የወዳጅ ልጅ አደራ፦ የሚባለውና እውነቱ

በሀገራችን የወዳጅን ልጅ ተቀብሎ ማዋል እንደ ሥራ አይቈጠርም። እናት ለቅሶ ልትደርስ ወይም ሕመምተኛ ልትጠይቅ ስትነሣ ሕፃንዋን ከወዳጅዋ ቤት ትታ ትሄዳለች፤ ወዳጅዋም፣ ይልቁንም ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ክርስትና ያነሣች አበልጅ የሆነች እንደ ሆነ፣ ሕፃኑን እንደ አብራኳ ክፋይ አድርጋ ትቀበለዋለች። ይህን ያህል የከበረ ልማድ ባለበት ሀገር፣ ፍቅር ብቻውን ዕውቀትን የሚተካ መስሎን፣ ይሉኝታም መጠየቅን እንደ ነውር፣ መናገርን እንደ አለመተማመን አድርጎ ስላስቈጠረብን፣ ሕፃናትን የሚጐዱ ብዙ የተሳሳቱ አባባሎች ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፉ ይኖራሉ።

ከእነዚህ አንዱ «ሳያይሽ ሹልክ ብለሽ ውጪ» የሚለው ምክር ነው። ምክሩ ለጊዜው ለቅሶውን ያስቀር ይሆናል፤ ሕፃኑ ግን እናቱ በየትኛው ቅጽበት እንደምትሰወርበት ስለማያውቅ፣ ከዚያ ወዲያ ቀሚስዋን ለቆ መጫወትን ይፈራል። ከስምንት ወር ግድም ጀምሮ ሕፃን ከእናቱ ሲለይ ማልቀሱ የቅብጠት ምልክት ሳይሆን የአእምሮው ማደግ ምልክት ነው፤ ከዐይኑ የራቀችው እናት በሌላ ስፍራ እንዳለች ዐውቋል፣ የምትመለስበትን ጊዜ መገመት ግን ገና አልቻለም። ስለዚህ በአጭር ቃል ተሰናብታ፣ ሰዓት በመቍጠር ሳይሆን «ምሳህን በልተህ፣ ተኝተህ ስትነሣ እመጣለሁ» ብላ እርሱ በሚያውቀው ነገር ቀጥራ ብትሄድ፣ ቢያለቅስም እንኳ ልቡናው ተስፋ ይዞ ይውላል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «ዝም አለ፤ ለመደ» የሚለው ፍርድ ነው። በአንድ ወዳጄ ቤት ሁለት ዓመት የሞላት ሕፃን ከማለዳ እስከ ምሳ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ የእናትዋን የአንገት ልብስ በጣቶችዋ ስትጠቀልልና ስትፈታ አይቻለሁ፤ አላለቀሰችም፣ የቀረበላትንም ፍርፍር አልነካችም፤ የቤቱ ሰዎች ግን «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያሉ ያመሰግኗት ነበር። በለንደን ይሠራ የነበረው የሕፃናት ጠባይ ተመራማሪ ጄምስ ሮበርትሰን በ1952 እ.ኤ.አ. ሆስፒታል የገባችን አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ በፊልም ቀርጾ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሐኪሞች እንደ ርጋታ ይቈጥሩት የነበረው ጸጥታ የኀዘን ጸጥታ መሆኑን ብዙዎች ለመቀበል ቢቸገሩም፣ ከጊዜ በኋላ ወላጆች ታመው ከተኙት ልጆቻቸው ጋር እንዲቈዩ የሚፈቅደው ሥርዓት በእንግሊዝ ሆስፒታሎች እየሰፋ ሄደ። «ይህ የፈረንጅ ልጅ ጠባይ ነው» የሚል ቢኖር፣ የሥነ ልቡና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በዩጋንዳ መንደሮች ሕፃናትን ተመልክታ፣ በዚያም ልጆች እናታቸውን መጠጊያ አድርገው ወዲያ ወዲህ እያሉ እንደሚጫወቱ፣ ስትለያቸውም እንደሚከተሏትና እንደሚያለቅሱ ጽፋለች። እንግዲህ ዝም ያለውን ሕፃን ከማመስገን ይልቅ አጠገቡ መቀመጥ፣ የእናቱን ስም እየጠሩ ስለ እርስዋ ማውራት፣ የያዘውንም ልብስ አለመንጠቅ ይገባል።

«ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉን ያውቃል» መባሉም ያሳስታል። ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰ ሰው ቤት ለሕፃን መዘጋጀቱን ትቷል፤ የከሰል ምድጃው ጀበና እንደ ተጣደበት ከወለሉ ላይ ነው፣ ላምባውና በረኪናውም በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ተሞልተው ከጓዳው ጥግ ቆመዋል። ሕፃን ከእነዚህ የጠጣ እንደ ሆነ «ወተት አጠጡት፤ ያስመልሰው» ማለት በብዙ ቤት እንደ ሕግ የጸና ነው፤ ነገር ግን ላምባ በትውከት ጊዜ ወደ ሳንባ ገብቶ ሳንባን ይጐዳል፣ በረኪናም ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥለዋል። ስለዚህ እንዲያስመልስ ሳያስገድዱ፣ ወተትንም እንደ ማርከሻ ሳይታመኑ፣ ሕፃኑን ከነጠርሙሱ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ለእንግዳ የሚቀርበው ቆሎና ለውዝም፣ መንጋጋው ላልጸና፣ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ለሆነ ሕፃን ትንታ ሆኖ ሊገድለው ይችላልና አራት ዓመት ሳይሞላው አይሰጠው።

«የሰው ልጅ አይቈጡም» የሚለው ብዙ የሚያከራክር አይደለም፤ ወደ እሳት የሚሄድን ሕፃን፣ የማንም ልጅ ቢሆን፣ ይዞ በጽኑ ቃል መከልከል ግዴታ ነው፤ መምታት ግን ወላጁ ቢፈቅድ እንኳ አደራ ለተቀበለ ሰው አይገባም።

የመጨረሻውና ሥር የሰደደው «ብጠይቃት ትታዘበኛለች፣ ብነግራት ትቀየመኛለች» የሚለው ነው። ሕፃኑ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይስማማው፣ የሚወስደው መድኃኒት በምን ልክና በስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ በምንስ እንደሚተኛ ተጠይቃ የምትቀየም እናት እኔ አላየሁም፤ ይልቁንም በይሉኝታ ታፍናው የነበረውን ሁሉ ዘርዝራ ተናግራ እፎይ ብላ ትሄዳለች። ስትመለስም የሆነው ሁሉ ይነገራት። ከአልጋ ወድቆ ራሱን የተመታ ሕፃን ምሽቱን ሲጫወት ደኅና ቢመስልም፣ ሌሊቱን ደጋግሞ ቢያስመልሰው ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ቢል፣ ድካም ነው ብላ ሳትተኛ ወደ ሐኪም ይዛው የምትሮጠው መውደቁ የተነገራት እናት ናት።