ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ ቸርኬው አይገጥምም

ቲማቲም ከማሳ ተለቅሞ በሳጥን ከተደረደረ በኋላ ቀን አይሰጥም። ሊጭነው የመጣው መኪና ቸርኬው ተሰንጥቆ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ጉዳቱ ከባለንብረቱ አልፎ በማሳው ዳር ምርቱን ከምሮ የሚጠብቀውን አርሶ አደር ያገኘዋል። ባለመኪናው ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት መደብር የሚሄደው በዚህ ጥድፊያ ውስጥ ሆኖ ነው። የራሱን መኪና ስሪት ቸርኬ ካላገኘ የሌላውን ያነሣል፤ ቀዳዳውን ይቆጥራል፤ ስምንቱን በስምንት፣ ዐሥሩን በዐሥር ያስገጥማል። ቸርኬው ብሎኑ ላይ ከገባና ዳዶው ከጠበቀ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል።

ብዙዎቻችን የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙት ብሎኖቹ ናቸው ብለን እናስባለን። እኔም በግብርና ኮሌጅ የትራክተር ጎማ መፍታትና መግጠም እስክማር ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የብሎን ዋና ሥራ ግን መጨመቅ ነው። ዳዶው በሚገባ ሲጠብቅ ብሎኑ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ብሎንም እንደ ተወጠረ ጅማት ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ጭነቱን፣ የፍሬኑን ጉልበትና የመንገዱን ነውጥ የሚችለው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ብረቶቹ በወጉ ካልተገናኙ ቸርኬው በጥቂት በጥቂቱ መንሸራተት ይጀምራል። ያን ጊዜ ብሎኑ ላልተሠራበት ሥራ ይጋለጣል፤ ወዲያና ወዲህ እየተንገላታ ይደክማል፤ ውሎ አድሮም ይቆረጣል። የአንዱ ሸክም በቀሩት ላይ ይወድቅና እነርሱም ተራ በተራ ይከተሉታል። የከባድ መኪና ጎማ ከነቸርኬው መቶ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ ክብደት በገበያ ቀን ከመኪናው ወልቆ ቁልቁል ቢንከባለል የሚገጥመው በመንገዱ ዳር የሚጓዘውን ሰው ነው።

የቀዳዳው ቁጥር የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በቆየው የጃፓን ደረጃ የተሠራ የከባድ መኪና ባለ 8 ቀዳዳ ቸርኬ፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 285 ሚሊ ሜትር ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ የተሠራው ባለ 8 ቀዳዳ ግን 275 ሚሊ ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ በዓይን መለየት ያስቸግራል። በዓለም አቀፉ ደረጃ ባለ 10 ቀዳዳው 335 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሲኖትራክን የመሳሰሉ ከባድ መኪኖች የሚጠቀሙት ይህንን ነው። ባለ 6 ቀዳዳው አይሱዙ ኤን ፒ አር ደግሞ 222.25 ሚሊ ሜትር የሆነ የራሱ ልክ አለው።

ለመለካት የሚያስፈልገው ተራ ሜትር ነው። የቀዳዳዎቹ ቁጥር ሙሉ ከሆነ ከአንዱ ቀዳዳ ውጫዊ ጠርዝ ተነሥቶ፣ በትይዩ እስካለው ቀዳዳ ውስጣዊ ጠርዝ ድረስ መለካት ነው። የሚገኘው ቁጥር የክቡ ስፋት ነው። ሻጩ እስኪቆጣ ድረስ ደግሞ መለካት ነውር የለውም።

ልኩ ቢስማማም ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያስቀምጠው ምንድን ነው? በዓለም አቀፉ ደረጃ የተሠራው ቸርኬ መሐሉን የሚይዘው በትልቁ የመሐል ቀዳዳ አማካይነት ነው፤ ሞዞው በዚያ ቀዳዳ ልክ ይገባል፤ ዳዶው ጠፍጣፋ ሆኖ ይጨምቃል። በቆየው የጃፓን አሠራር ግን የዳዶው አፍ እንደ ኳስ የሞላ ነው፤ የቸርኬው ቀዳዳም እንደ ጽዋ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ኳሱ በጽዋው ውስጥ ሲቀመጥ ቸርኬው መሐሉን ያገኛል። እነዚህን ሁለቱን ያደበላለቀ ሰው ጠፍጣፋውን ዳዶ በጽዋው አፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዳዶው የሚነካው ጠርዙን ብቻ ነው። ኳሱን በጠፍጣፋው ቀዳዳ ላይ ቢያስቀምጥም እንዲሁ ነው፤ ኳሱ በቀጭን መስመር ላይ ብቻ ያርፋል፤ መስመሩም ጭነት ሲበዛበት ይበላል። ዳዶው ሲጠብቅ የተሰማው ጥንካሬ ያንኑ ዕለት መላላት ይጀምራል።

በዚሁ በቆየው የጃፓን አሠራር የግራ ጎማዎች ዳዶ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ዓለም አቀፉ ግን በሁለቱም ጎን ወደ ቀኝ ያጠብቃል። ይህን የማያውቅ ረዳት የሚፈታ እየመሰለው ያጠብቃል፤ በረጅም ቧንቧ እየታገለም ብሎኑን ይሰብራል።

ከመነዳሪ ያለበትን ጎማ የሚይዘው ቸርኬ በብዛት ከአንድ በላይ ክፍል አለው፤ ጎማው ከገባ በኋላ በጎን የሚያዝበት የብረት ቀለበት አለው። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ቸርኬው ከአንድ፣ ቀለበቱ ከሌላ ስሪት የሚመጣበት ጊዜ አለ። በእኔ እምነት በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። ሁለቱ በመጠን ቢመሳሰሉም የሚያያዙበት ጎድጓድ ከተለያየ፣ ነፋስ በሚሞላበት ጊዜ ቀለበቱ ተፈናጥሮ በአቅራቢያው ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። አደጋው መጀመሪያ የሚያገኘው ጎሚስታውን ነው፤ ብዙ ጊዜም አጠገቡ ቆሞ የሚያየውን ልጅ ነው። ቀለበት ያለው ጎማ የሚነፋው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተደርጎ ወይም በወፍራም ሰንሰለት ታስሮ፣ ሰውም ከፊቱ ገለል ብሎ መሆን አለበት።

የቸርኬው ጎድጓድነትም መታየት አለበት። ከኋላ ጥንድ ሆነው የሚገጠሙ ጎማዎች በጎድጓድነት ከተለያዩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠብባል፤ ጭነት ሲወርድባቸው ጎናቸው ይፋተጋል፤ ይግላል፤ ይፈነዳል። ከፊት ደግሞ ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ኩሽኔታውን ያለ ጊዜው ይጨርሰዋል፤ መሪውንም ያከብደዋል። ቸርኬው የፍሬኑን ታምቡር አለመንካቱን ለማረጋገጥ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን በእጅ ማዞር ይበቃል።

በመደብር ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ዓይን ይማርካል። እኔ ግን አዲስ ቀለም የተቀባውን አሮጌ ቸርኬ ከዛገው ይልቅ እጠራጠረዋለሁ። ከዳዶው ቦታ ተነሥቶ እንደ ጨረር የተሰራጨ የዝገት መስመር ቸርኬው ከዚህ በፊት ላልቶ እንደነበር ይናገራል፤ ቀለሙ ይህንን ምስክር ይሸፍነዋል። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሄደን ስንጥቅም ይደብቃል። ከዚህም በላይ ከሞዞው ጋር በሚገናኘው ገጽ ላይ ያለው ወፍራም ቀለም በጉዞ ላይ እየተፈረፈረ ሲሄድ የብሎኑ ውጥረት ይላላል። ስለዚህ ያንን ገጽ እስከ ብረቱ ድረስ በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል። ክብ መሆን ሲገባው እንደ እንቁላል የተለጠጠ ቀዳዳ ከታየ ቸርኬው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

ቀዳዳውን በሞረድ አስፍቶ ማስገጠም፣ የሰፋውን በብየዳ መሙላት፣ ክፍተቱን በቆርቆሮ መሙላት፣ እነዚህ ሁሉ በአንዳንድ ቦታዎች እንደ ብልሃት ይቆጠራሉ። ቸርኬው የተሠራበት ብረት በብየዳው ሙቀት ጥንካሬው ይለወጣል፤ ስንጥቁም ከብየዳው ጎን ይጀምራል። እንዲህ የተደረገበትን ቸርኬ እኔ በርካሽ ቀርቶ በነጻም አልቀበልም።

ልኩም ዳዶውም ከተስማማ የሚቀረው ማጥበቁ ነው። ማጥበቂያው በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ልክ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ በተሠሩት ከባድ መኪኖች ላይ ለባለ 22 ሚሊ ሜትር ብሎን የተለመደው 600 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አግድም በተያዘ የአንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ ቢቆም የሚያሳድረው ጉልበት ነው። ዳዶዎቹ በዙሪያ ተከታትለው ሳይሆን በትይዩ እየተሻገሩ ይጠብቃሉ። በቆየው የጃፓን አሠራር ጥንድ ጎማው ሁለት ዓይነት ዳዶ ስላለው በድጋሚ ሲጠበቅ የውጭው ላላ ተደርጎ፣ የውስጡ ጠብቆ፣ ከዚያ የውጭው ይጠብቃል። አዲስ የተገጠመ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እንደገና መጠበቅ አለበት፤ ብረቶቹ በጭነት ከተቀመጡ በኋላ ጥቂት ውጥረት ያጣሉና። ቲማቲሙን ያስጫነው አርሶ አደር ከአሽከርካሪው አጠገብ ከተቀመጠ፣ በመጀመሪያው የሻይ ማቆሚያ ላይ መፍቻው ከመቀመጫው ሥር መውጣቱን ማየት ይችላል።